ሰውየው ነው ራሱን ያረጋጋው ወይስ ጊዜው? የሙድ ሞዴል ስሠራ የተማርኩት

ሰው ይከፋዋል፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ይሻለዋል። ምንድን ነው ያሻለው? ራሱ ያደረገው ነገር ነው? ወይስ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ይለቀው ነበር? ለማስተርስ ጥናቴ የሰው ሙድ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ስሠራ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው። እንዲህ ያለ ሥራ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ እንዴት እንደሄድኩበት ልንገራችሁ።

መነሻዬ ሮብ ረትሌጅና ባልደረቦቹ በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደን ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ሰዎች ገንዘብ የሚገኝበትና የሚጠፋበት የምርጫ ጨዋታ ይጫወታሉ። በየመሃሉ «አሁን ምን ያህል ደስ ብሎሃል?» ይባላሉ። መጀመሪያ ላብራቶሪ ውስጥ 26 ሰዎች ተሳተፉ፣ ከዚያ በስልክ አፕ 18,420 ሰዎች። የተገኘው ውጤት አሁንም ይገርመኛል። ደስታቸውን የወሰነው በጠቅላላ ያገኙት አልነበረም። በቅርብ ጊዜ የጠበቁትና የሆነው ነገር ምን ያህል ተራራቀ የሚለው ነው። የቅርቡ ብዙ ይመዝናል፣ የቆየው እየሳሳ ይሄዳል።

በብር እናስበው። አንዱ 5 ሺህ ብር ቦነስ ጠብቆ 3 ሺህ ተሰጠው። ሌላው ምንም ሳይጠብቅ 1 ሺህ ብር ደረሰው። ኪስ ለኪስ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። የጥናቱ ቀመር ግን ለመጀመሪያው ከዜሮ በታች 2 ሺህ፣ ለሁለተኛው ከዜሮ በላይ 1 ሺህ ብሎ ነው የሚይዘው። ደግሞ መጠበቁ ራሱ፣ ነገሩ እስኪመጣ ድረስ፣ ሙድን ከፍ ያደርጋል። ቦነሱ ሊወጣ ሰሞን ቢሮ ውስጥ ያለውን ሞቅታ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይህ ግን ምን እንደሚገፋን ነው የሚነግረን። እንዴት እንደምንመለስ ለማወቅ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሰው ሙዱ የሚመለስበት የራሱ የተለመደ ቦታ አለው እንበል፤ ከ100 ላይ 60 ይሁን። መጥፎ ዜና ሰምቶ 20 ላይ ወረደ። 40 ነጥብ ጎደለው ማለት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ከጉድለቱ ግማሹ ብቻ የሚቀር ከሆነ 20፣ 10፣ 5 እያለ ቶሎ ይጠፋል። 0.8 እጁ የሚቀር ከሆነ ግን 32፣ ከዚያ 25.6፣ ከዚያ 20 ገደማ እያለ ያዘግማል። ይህን አለመላቀቅ ተመራማሪዎቹ የስሜት ኢነርሺያ ይሉታል። ቤልጂየም ሉቨን ያለው ፒተር ኩፐንስና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት ኢነርሺያው ከፍ ያለ ሰው ላይ ድብርትና ለራስ ዝቅተኛ ግምት መስጠት አብሮ ይታያል።

ይህን የሚያነብ ሰው «በቃ፣ ቶሎ የሚመለስ ሰው ስሜቱን ማስተዳደር የሚችል ነው፣ የሚያዘግመው የማይችል» ሊል ይችላል። እንደዚህ የሚጽፉም አሉ። እኔ አልስማማም። ሰውየው የሚያዘግመው መጥፎ ነገር በላይ በላዩ እየመጣበት ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ በተጨመረበት ሳምንት እናቱ የታመመችበትን ሰው «ኢነርሺያህ ከፍተኛ ነው» ማለት ምንም አይረዳውም። ስለዚህ የመመለሻው ፍጥነት ብቻውን ስለ ራስን ማረጋጋት አይናገርም። የሆነውን ነገርም፣ ሰውየው ያደረገውንም ለየብቻ መጠየቅ አለባችሁ።

ዳታ የሰበሰብኩት በቴሌግራም ቦት ነው። ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ስላለ አዲስ አፕ ጫኑ ብሎ መለመን የለም። ቦቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ አጭር ጥያቄ ይልካል፦ አሁን ሙድህ ከ0 እስከ 100 ስንት ነው? ካለፈው መልስህ በኋላ ምን ገጠመህ፣ ከጠበቅከው አንጻርስ እንዴት ነበር? ስሜትህን ለመለወጥ ያደረግከው ነገር አለ? መጀመሪያ ላይ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ ልበል ብሎ ይጠይቃል፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን በዕድሜ የገፉ ተሳታፊዎች ጋር ልዩነት አላት። የቴሌግራም ቦት ላይ የሚጻፍ ነገር እንደ ሚስጥራዊ ቻቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ስለዚህ ስም አልጠየቅኩም፣ ስለገጠማቸው ነገርም በነጻ እንዲጽፉ ሳይሆን ከዝርዝር እንዲመርጡ ነው ያደረግኩት።

ለመጨረሻው ጥያቄ ምርጫዎቹን ያወጣሁት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስ በ1998 ካቀረበው አከፋፈል ተነስቼ ነው። ሰው ስሜቱን የሚያስተካክልባቸውን መንገዶች በአምስት ይመድባቸዋል፦ የት እንደሚገኝ መምረጥ፣ ያለበትን ሁኔታ መለወጥ፣ ትኩረትን ወደ ሌላ ማዞር፣ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት፣ እና ስሜቱ ከመጣ በኋላ መግለጫውን መቆጣጠር። እኔ በሰው አፍ ነው የጻፍኳቸው፦ ትቼው ወጣሁ፣ ሌላ ነገር ሠራሁ፣ በጎ ጎኑን አየሁ፣ ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ ለሰው አወራሁና ጸለይኩ የሚሉትን ጨመርኩ። እነዚህን ሁለቱን ካላስገባችሁ እኛ አገር ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገውን ነገር «ሌላ» የሚል ሳጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ፣ አልቆጭበትም። ጥያቄዎቹ በእኩል ርቀት አይመጡም። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው ስብሰባ ውስጥ ይሆናል፣ ሌሊት ደግሞ አለ። «ካለፈው ጥያቄ ምን ያህል ቀረ» የሚል ሞዴል የሁለት ሰዓቱንና የሌሊቱን ክፍተት እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ጊዜን እንደ ወራጅ ውሃ የሚይዝ ሞዴል ነው የሚሻለው፤ የኦርንስታይን-ኡህለንቤክ ሞዴል ይባላል። በየሁለት ሰዓቱ 0.8 የሚቀርለት ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ 40 ነጥብ ጎድሎት ከተኛ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቀረው 12 ገደማ ብቻ ነው። እንቅልፍ ግን እንደ ቀኑ ሰዓት አይሠራም። ለአንዳንዱ ሁሉን አጥቦ ይወስዳል፣ ለአንዳንዱ ምንም አይነካም። ለሌሊት የራሱ ፓራሜትር (ሞዴሉ ከዳታው የሚገምተው ቁጥር) ስሰጠው ሞዴሉ በግልጽ ተሻሻለ።

ያልተመለሱ ጥያቄዎችም ዝም ብለው ባዶ አይደሉም። ጥናቱ ሲያልቅ አንዷን ተሳታፊ በየትኞቹ ጊዜያት እንደማትመልስ ስጠይቃት «ሲከፋኝ ስልኬን ገልብጬ ነው የማስቀምጠው» አለችኝ። እንግዲህ እኔ ከምፈልገው ዳታ ዋናው የጠፋው እዚያ ነው። ባዶውን ቦታ በአማካይ መሙላት እንደዚህች ያለችውን ሰው ከእውነቱ የበለጠ ደስተኛ ያደርጋታል። ስለዚህ አለመመለስን ራሱን እንደ መረጃ ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁት፤ ሙድ ሲወርድ የመመለስ ዕድል ይወርዳል ወይ የሚለውን ለእያንዳንዱ ሰው እንዲገምት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዳታውን ዝም ብላችሁ ካያችሁት «ስሜቴን ለመለወጥ ሞከርኩ» ያሉ ሰዎች ካልሞከሩት ይልቅ ሙዳቸው ዝቅ ያለ ነው። መሞከሩ ይጎዳል ማለት ነው? አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ያለው ሰው ከውጭው ይልቅ የታመመ መሆኑ ሆስፒታሉን በሽታ አምጪ አያደርገውም፤ እዚህም ሰው የሚሞክረው ሲከፋው ነው። በሌላ በኩል ከፍተኛ ጉድለት ላይ የነበረ ሰው ምንም ባያደርግም ወደ ቦታው መመለሱ ስለማይቀር፣ በፊትና በኋላ ብቻ ካነጻጸራችሁ ማንኛውም ነገር የሚሠራ ይመስላል። ሁለቱ ስህተቶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት።

ሞዴል የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ያንን 60 የለመደውን ሰው እንውሰድ። 20 ላይ እያለ ለጓደኛው ደወለ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 45 አለ። 25 ነጥብ ወጣ። ሞዴሉ ግን ሰውየው ምንም ባያደርግ ኖሮ የ40 ጉድለቱ 0.8 እጁ፣ ማለትም 32፣ ቀርቶ 28 ይደርስ ነበር ይላል። ስለዚህ 8ቱ የጊዜው ነው። የስልኩ ሊሆን የሚችለው ቀሪው 17 ነው፤ እሱም ውስጥ ያጋጣሚ ነገር አለ፣ አንድ ጊዜ በታየ ነገር አይፈረድም። እንዲህ ያለውን ቀሪ ነጥብ በብዙ ሰውና በብዙ ቀን ስትሰበስቡት ነው ምልክት መስጠት የሚጀምረው። እኔ ዳታ ላይ «ለሰው አወራሁ» ጥሩ ቀሪ ነበረው፣ «ዋጥ አደረግኩት» ደግሞ ዜሮ አካባቢ ነው። የተሳታፊው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ይህን ለሁሉም ሰው የሚሆን ውጤት ነው አልልም።

ግን ያ 0.8 ከየት መጣ? ሰውየው ምንም ካላደረገባቸው ሰዓታት ነው መምጣት ያለበት። ሁልጊዜ ራሱን የሚያረጋጋ ሰው እንደዚያ ዓይነት ሰዓት የለውም፣ የጊዜውን ሥራና የእሱን ሥራ መለየት ያቅታል። ጭራሽ የማይሞክርም ሰው እንደዚሁ። ይህን ያወቅኩት እውነተኛ ዳታ ሳልነካ ነው። ሮበርት ዊልሰንና አን ኮሊንስ በ2019 ባወጡት መመሪያ እንደሚመክሩት፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በእውን የሌሉ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያሉ ሰዎች ሠራሁ፣ ፓራሜትራቸውን ራሴ ሰጠኋቸው፣ ከዚያ ሞዴሉ መልሶ ያገኘው እንደሆነ አየሁ። ኢነርሺያውን በደንብ ያገኘዋል። የማረጋጋቱን ኃይል ግን ሰውየው አንዳንዴ እየሞከረ አንዳንዴ ካልተወው በስተቀር አያገኘውም። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህንን ነው የምለው፤ ዳታ ሰብስባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይህን ብታውቁት ምንም ማድረግ አትችሉም።

ሞዴላችሁን ከቀላሉ ጋርም አፎካክሩት። በ2019 ኤጎን ደዮንክሄረና ባልደረቦቹ ኢነርሺያን የመሳሰሉት ውስብስብ መለኪያዎች ስለ ሰው ደህንነት ከአማካይና ከመዋዠቅ መጠን በላይ የሚጨምሩት ነገር ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል። እኔም ጋ፣ ለተሳታፊዎቹ በላክሁት የድብርት መጠይቅ ላይ ማን ከፍ ያለ ነጥብ እንዳለው ለመገመት አማካይ ሙድ ብቻውን ከእኔ ሞዴል እኩል ሠርቷል። ይህ አያስከፋኝም። የእኔ ሞዴል ጥያቄ ማን ተደበረ የሚል አይደለም፣ ያንን አማካይም ይመልሰዋል። የእኔው ምን ያደረገ ሰው ምን ያህል ተመለሰ የሚል ነው፣ አማካይ ደግሞ ስለዚያ ዝም ነው።

ስለ መጠይቁ አንድ ነገር፣ ይህን እንደዋዛ እንዳታልፉት። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ ዘጠነኛው ሰውየው ሞትን ወይም ራሱን መጉዳትን አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። አዎ የሚል ሰው ሲመጣ ማን እንደሚደውልለት፣ ወዴት እንደሚላክ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደረስለት መጠይቁ ከመላኩ በፊት መወሰን አለበት። እኛ ከአንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋር ተስማምተን ነው የጀመርነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግሯችሁ መልሱ ፋይል ውስጥ እስከ ጥናቱ መጨረሻ መተኛት የለበትም።

አሁን የምሠራው ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ነው፤ ባልና ሚስት፣ አብረው የሚኖሩ ጓደኛሞች። ለሰው ማውራት ከሠራ፣ የሚሰማው ሰው ሙድስ ምን ይሆናል? ለቦቱ አንድ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ፦ ዛሬ የማንን ብሶት ሰማህ?