ማለስለሻው ከሮቶው በፊት ወይስ በኋላ? ለጣና ዳር የጉድጓድ ውሃ

ከዲናሞው ሲወጣ እንደ ምንጭ የጠራ፣ ሮቶ ውስጥ አድሮ ሲወርድ ግን የክረምት ጎርፍ የሚመስል ውሃ ባሕር ዳርና ጣና ዳር ጉድጓድ ላላቸው ግቢዎች እንግዳ አይደለም። ነጭ ነጠላ ያዥጎረጉራል፣ ሽንት ቤቱን ያዝጋል፣ ሻይ ያጠቁራል። ይህ የደረሰበት ሰው ምክር ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «የውሃ ማለስለሻ ግዛ» ነው። ማለስለሻ ግን የተሠራው ለኖራ ነው፤ ማለትም ጀበናና ቦይለር ውስጥ ነጭ ቅርፊት ለሚያስቀረው፣ ሳሙና አላረፋ ለሚያሰኘው ካልሲየምና ማግኒዥየም። ብረትንም ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ብረቱ ሟሙቶ፣ ገና ሳይዝግ ሲደርሰው ነው። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ደግሞ ግማሽ መንገድ ዝጎ ጨርሷል። የገንዘቡ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ብረቱ ከየት መጣ? በጣና ዙሪያ ያለው ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ባዛልት ብረት አያጣም። ቀዩ አፈር ቀይ የሆነው በዚያው ብረት ዝገት ነው። አየር የሚያገኝ አፈር ውስጥ ብረቱ ዝገት ሆኖ ይቀመጣል። ደንገልና ሣር በሚበሰብስበት፣ ውሃ ተኝቶ በሚከርምበት ጭቃ ሥር ግን ኦክስጅን ያልቃል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ይሟሟና ቀለም ሳያሳይ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ስለዚህ የጎረቤት ጉድጓድ ውጤት ለእናንተ አይሠራም። የውሃው ከፍታ ከክረምት ወደ በጋ ስለሚለዋወጥም አንዴ ግንቦት፣ አንዴ መስከረም ላይ ማስለካት ይሻላል።

ላቦራቶሪ ከመሄድ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ሙከራዎች አሉ። ዲናሞውን አሥር ደቂቃ ካስኬዳችሁ በኋላ በቀጥታ ከጉድጓዱ መስመር (ከሮቶው አይደለም) ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፉ ድረስ ሙሉ። ውሃው ጠርቶ ቆይቶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርቱካናማ ከሆነ ብረቱ የሟሟ ነው። ገና ሲወጣ ቀይ ከሆነ ግን ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ዝጓል፣ ወይ የድሮ የብረት ቧንቧ እየተበላ ነው። ሁለተኛው የሻይ ሙከራ ነው፤ በዝናብ ውሃና በጉድጓዱ ውሃ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አፍሉ። የጉድጓዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ከሆነ፣ የሻዩ ታኒን ከብረት ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ሦስተኛው የኖራ ነው፤ የገላ ወይም የልብስ ደረቅ ሳሙና ፍቃች በሁለቱም ውሃ እኩል አድርጋችሁ ነቅንቁ። የጉድጓዱ ሳያረፋ ነጭ ደለል ከሰጠ ኖራ አለበት። ለዚህ ኦሞ አይሆንም፤ ኦሞ በማንኛውም ውሃ ያረፋል።

ከዚያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ኖራ (በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ) እና ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል)። ብረት ከ0.3 ሚሊግራም በሊትር ሲያልፍ ልብስና ዕቃ ማቅለም ይጀምራል። ኖራው ከ120 ሚሊግራም በሊትር በታች ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ ማለስለሻ ለአንድ ተራ ቤት ወጪውን አይመልስም። ከ180 በላይ ከሆነ ቦይለር ላለው ቤት ያዋጣል። በመሃል ያለው እንደ ኪስ ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ። ማለስለሻው ውስጥ ያሉት የሬዚን ፍሬዎች (ትናንሽ የፕላስቲክ እንክብሎች) ሶዲየም ለቀው ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዛሉ፤ ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። የሟሟ ብረትም በዚሁ መንገድ ይያዛል። የዛገ ብረት ግን ደለል ስለሆነ ፍሬዎቹን ይለብሳቸዋል፣ ጨውም አያነሳውም። ስለዚህ ሁለት መንገድ ብቻ አለ። ብረቱ ከ1 ሚሊግራም በታች፣ ኖራው ደግሞ ብዙ ከሆነ ማለስለሻው ከሮቶው በፊት፣ በዲናሞውና በሮቶው መካከል፣ አየር በማይገባበት ዝግ መስመር ላይ ይቀመጣል። ብረቱ ከዚያ ከበለጠ መጀመሪያ በአየር ይዛግ፣ በአሸዋ ይጣራ፣ ማለስለሻው (ካስፈለገ) መጨረሻ ላይ ይግባ። ሻጮች አንዳንዱ ማለስለሻ 3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ይችላል ይላሉ። አዲስ እያለ ይችል ይሆናል፤ የሚጠየቀው ከዓመት በኋላ ነው።

አብዛኛው ግቢ ሮቶ ስላለው ሁለተኛው መንገድ በግማሽ ተሠርቶ ይጠብቃል። 1 ሚሊግራም ብረት ለማዛገት የሚያስፈልገው ኦክስጅን 0.14 ሚሊግራም ብቻ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ቢሳሳም ውሃ 7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 10 ሚሊግራም ብረት ላለበት ጉድጓድ እንኳ ይተርፋል። የሚጎድለው ውሃውን መበተን ነው። ወደ ሮቶው የሚገባውን ቧንቧ ጫፍ ድፈኑና 3 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ብሱ፣ ወይም የሻወር ራስ ግጠሙለት፤ ቢያንስ ግማሽ ሜትር በአየር ላይ እንዲወርድ ከውሃው ወለል በላይ ይሁን። ክዳኑ ላይ የወባ ትንኝ መረብ ያለው መተንፈሻ ይኑር። መውጫው ከታች 20 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ለደለሉ ደግሞ ወለሉ ላይ የተለየ ማፍሰሻ ይደረግ። ይህችን ማፍሰሻ የማይሠራ ሰው ብዙ ነው። በቀን 600 ሊትር፣ 3 ሚሊግራም ብረት ማለት በዓመት 1.25 ኪሎ ያህል ደረቅ ዝገት ነው፤ እርጥብ ጭቃው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ማፍሰሻ ከሌለው የሚወርደው ወደ ሻወሩ ነው።

ይህ ይሠራላችሁ እንደሆነ ብር ሳታወጡ እወቁ። ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ ከባልዲ ባልዲ ሃያ ጊዜ እያንቆረቆራችሁ ገልብጡ፣ አንድ ሰዓት ይቀመጥ፣ በተደራረበ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥልሉት፣ ሻይ አፍሉበት። ሻዩ ቀይ ከሆነ አየርና አሸዋ ይበቃል። አሁንም ከጠቆረ ሌሊቱን አሳድራችሁ ድገሙት። አድሮም ካልተለወጠ ፒኤቹን ተመልከቱ፤ ከ6.5 በታች ብረት ለመዛግ እጅግ ይዘገያል፣ ከ7.5 በላይ ግን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ውሃውን ይበልጥ መበተን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚያስወጣ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል፤ ካልበቃ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ውስጥ ማሳለፍ ነው።

ለማጣሪያው 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ከታች 15 ሴንቲሜትር ጠጠር፣ በላዩ 50 እስከ 60 ሴንቲሜትር የወንዝ አሸዋ። አሸዋው በመስኮት መረብ ይነፋ፣ ከዚያ የሚፈሰው ውሃ እስኪጠራ ይታጠብ። በሰዓት ከ500 ሊትር በላይ አታሳልፉበት። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ከታች ወደ ላይ ውሃ እየገፋችሁ እጠቡት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አዲስ አሸዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደካማ ነው። ፍሬዎቹ ቡናማ ሲለብሱ ያ ልባስ ራሱ ብረት ይስባል። «ቆሸሸ» ብሎ ነጭ እስኪሆን የሚያሽ ሰው ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኖራው ካስቸገረ ማለስለሻውን ምረጡ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1 ሊትር ሬዚን በ100 ግራም ጨው ሲታጠብ 50 ግራም ያህል ኖራ ይይዛል። ኖራው 200 ሚሊግራም፣ ፍጆታው በቀን 400 ሊትር ከሆነ (ሽንት ቤቱና ጓሮው በሌላ መስመር ይሂዱ) በቀን 80 ግራም ነው። 15 ሊትር ሬዚን 750 ግራም ይይዛል፤ ዘጠኝ ቀን፣ በእያንዳንዱ እጥበት 1.5 ኪሎ ጨው። ብረቱን ሳታጣሩ ብታስገቡት ግን እያንዳንዱ ሚሊግራም ብረት እንደ 68 ሚሊግራም ኖራ ይቆጠራል፤ 3 ሚሊግራም ብረት ሸክሙን ወደ 404 ያደርሰዋል፣ ዘጠኙ ቀን ከአምስት በታች ይወርዳል፣ የጨው ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ሰው የሚረሳው ግፊቱን ነው። የማለስለሻው ራስ (እጥበቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ) የጨው ውሃውን የሚስበው በውሃ ግፊት ሲሆን፣ አብዛኛው ከ1.5 እስከ 2 ባር ይፈልጋል። 6 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 0.6 ባር ነው። በዚህ ግፊት ማሽኑ ይዞራል፣ ድምፅም ያሰማል፣ ጨው ግን አይስብም፤ ገዢው «ጨው አይቀንስም፣ እንዴት ቆጣቢ ነው» ብሎ ይደሰታል። ከሮቶው በኋላ የግፊት ዲናሞ ያስፈልጋል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር በሊትር የሚቆጥር ራስ በሰዓት ከሚሠራው ይመረጣል፤ የሰዓቱ መብራት በሄደ ቁጥር ይሳሳታል፣ ሌሊት 8 ሰዓት መታጠብ ሲገባው ቤተሰቡ ሻወር ላይ እያለ ጨዋማ ውሃ ይለቃል።

ጨው ሻካራና ንጹሕ ይሁን፤ የአፍዴራ ነጭ ጨው ጥሩ ነው። አሞሌ አፈር ስላለበት መሳቢያውን ይደፍናል፤ በጣም የላመ ጨው ደግሞ በእርጥበት ተጋግሮ ድልድይ ይሠራና ከሥሩ ባዶ ይቀራል። ጨዉ በሳምንታት ካልቀነሰ በእንጨት ወጋ አድርጉት። ቧንቧ ላይ ትናንሽ ወርቃማ ፍሬዎች ከታዩ የታችኛው ወንፊት ተሰብሯል። ሬዚኑ ቀልቶ ልስላሴው ከቀነሰ በሲትሪክ አሲድ ይነከርና ደጋግሞ ይለቀለቃል፤ ሁለት ጊዜ ተደርጎ ካልተመለሰ ሬዚኑን መቀየር ነው።

የዛገ ነጠላ ላይ በረኪና አታፍሱ። በረኪና ብረቱን ይበልጥ ያዛግታል፣ ቀለሙንም ያጸናዋል። ሎሚ ያነሳዋል። በረኪናንና ሎሚን ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ማለስለሻም አሸዋም ጀርም አይገድሉም፤ ሽንት ቤት አጠገብ ያለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ክሎሪን ያስፈልገዋል። ክሎሪኑ ከማጣሪያው በኋላ ይግባ፤ በፊት ከገባ ብረቱ ይበላዋል። ለ1,000 ሊትር የተጣራ ውሃ 5 ከመቶ የሆነ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 40 ሚሊሊትር፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይታ። የአሸዋው እጣቢ ሣር ላይ ቢፈስ ግድ የለም። የማለስለሻው ጨው ውሃ ግን ከማንጎና ከቡናው ሥር ይራቅ፤ ሶዲየሙ አፈሩን ያደርቀዋል፣ ጭቃው ውሃ ማሳለፍ ያቆማል።