በአንድ ትራስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። የቁልቢው ገብርኤል ያደረገልኝን ልመስክር። ስለት ስሳል «በሰው ፊት እናገራለሁ» ብዬ ነበር።

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጥኩ 3 ልጆች ያሳደግኩ እናት ነኝ። አምና ጥር ላይ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ጫማዬ እምቢ አለኝ። ቀጥሎ ሌሊት ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። 3 ትራስ ደራርቤ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነበር የማነጋው። ሐኪም ቤት ስሄድ የልብ ድካም ነው ተባልኩ። 4 ዓይነት ኪኒን ተሰጠኝ፦ ፉሮሴማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ኢናላፕሪልና ካርቬዲሎል። ዛሬ እንደ ልጆቼ ስም እጠራቸዋለሁ። ያኔ ግን ሁሉም «የልብ ኪኒን» ነበሩ።

ሁሉንም ማታ አንድ ላይ መዋጥ ጀመርኩ። ፉሮሴማይድ ሽንት ያመላልሳል። ገበያ ላይ ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ዕቃዬን ለማን ጥዬ ልመላለስ? ደግሞ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ቀን ምንም አልቀምስም። ስለዚህ ማታ በባዶ ሆዴ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ግልብጥ። በቀን ሁለቴ የተባለውን ካርቬዲሎል እንኳ ሁለቱንም በአንዴ ነበር የምውጠው።

ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ እነሳለሁ። አንድ ሌሊት ከአልጋ ብድግ ስል ዓይኔ ብዥ አለ። ራሴን ያወቅኩት ግቢው ቧንቧ ሥር ተዘርሬ ነው። ግንባሬ ደምቷል። ልጄ እያለቀሰች ሻሿን አውልቃ አሰረችልኝ።

ከዚያ ፈራሁ። አንድ ቀን ስውጥ ሁለት ቀን እተዋለሁ። እግሬ ተመልሶ አበጠ። በዚያ ላይ ደረቅ ሳል ያዘኝ፤ ቅዳሴ መሀል አስነስቶ ያስወጣኛል። ጎረቤት «ሳንባዋ ነው» አለ። አክታዬ ተመርምሮ ምንም የለም ተባለ።

ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲብስ ቤት ውስጥ መተኛት አቃተኝ። በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፌ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ አለቀስኩ። «ገብርኤል ሆይ፣ ወይ ኪኒኑን አስተወኝ፣ ወይ ከኪኒኑ ጋር አስማማኝ» አልኩት። ጥላ ተሳልኩ።

በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ነበረኝ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድ ወጣት ፋርማሲስት ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ። «እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እስቲ ቦርሳሽን አራግፊልኝ» አለ። ኪኒኖቹን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትውጪያቸው?» ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ስመልስለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እስክሪብቶ አወጣና በየማሸጊያው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣለ። ፉሮሴማይድና ስፓይሮኖላክቶን ላይ ፀሐይ፦ ጠዋት፣ ሌሊቱን እንድተኛ። ካርቬዲሎል ላይ ፀሐይም ጨረቃም፦ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፣ ሁልጊዜ ምግብ በልቼ፣ ግፊቴ በአንዴ እንዳይወርድ። «ካመለጠሽ ደርበሽ አትዋጪ። በራስሽም አታቋርጪ» አለኝ። ከአልጋ ስነሳ መጀመሪያ እግሬን አውርጄ ትንሽ እንድቀመጥ አሳየኝ። ሳሉን ሲሰማ ደግሞ «ይህ ከኢናላፕሪሉ ሊሆን ይችላል» ብሎ እዚያው ወደ ሐኪሟ መለሰኝ። እሷም ደሜን አስመርምራ፣ ግፊቴን ተቀምጬም ቆሜም ለክታ ኢናላፕሪሉን ሎሳርታን በሚባል ኪኒን ቀየረችልኝ። በ3 ሳምንት ውስጥ ሳሉ ጠፋ።

የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ተቆጡኝ። «ታመሽ ጹሚ ያለሽ ማነው? መድኃኒቱንም የሰጠሽ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ።

ልጄ የሰው ሚዛን ገዛችልኝ። ዕድሜዬን በሚዛን ነው የኖርኩት፣ እሱን ማንም አያስተምረኝም። በየጠዋቱ ከሽንት መልስ፣ ቁርስ ሳልበላ እመዘናለሁ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመርኩ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ተነግሮኛል። በዚህ ሙቀት ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዘኝም እንደዚያው፤ ሽንት የሚያሸናው ኪኒን ሰውነትን ያደርቃላ። እንደ እኔ የምትውጡ እህቶቼ፣ እባካችሁ የምትውጡበትን ሰዓት ለሐኪማችሁ ንገሩ። የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

ለስለቴ የታኅሣሡ ሕዝብ ስለሚበዛብኝ የሐምሌ 19ኙን መረጥኩ። ሐኪሟን አስፈቅጄ የዚያን ቀን ፉሮሴማይዱን ለመንገድ ብዬ አቆየሁት። የደንገጎን ዳገት በመኪና ወጣን። ራስ መኮንን ለዐድዋ ድል ምስጋና ያሠሩትን ያን ደብር ከሩቅ ሳየው እንባዬ መጣ። ጥላዬን አስረከብኩ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁና የቀረኝን ኪኒን ዋጥኩ። ማታ ድሬ ተመልሼ፣ ራቴን በልቼ፣ የ1 ሰዓቷን ካርቬዲሎል ወሰድኩ።

ሁለቱን ትራሶች ለልጆቼ መልሼ ሌሊቱን በአንድ ትራስ ተኛሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።