ከጫጩት እስከ በቆሎ ፍሬ፦ በኢምፕሪንቲንግ ጥናቴ እስካሁን የደረስኩበት

በንባብ ቡድናችን ርእስ ስንከፋፈል ኢምፕሪንቲንግን (በአንድ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ታትሞ የሚቀርን አሻራ፣ ለምሳሌ ጫጩት መጀመሪያ ያየውን ነገር እንደ እናት መከተሉን) የወሰድኩት፣ ለገጣፎ ባለው ግቢያችን ዶሮ ስለማረባ ነገሩን በዓይኔ ለማየት ይቀለኛል ብዬ ነው። ንባቡን ስጀምር ግን ርእሱ ከዶሮ ቤት አልፎ ወደ ዘረመል፣ ወደ በሽታ መከላከል፣ ወደ ኬሚስትሪ፣ ሌላው ቀርቶ ወደ ድርጅቶች ጥናት የሚዘልቅ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በየመስኩ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዤ ለመጓዝ ወሰንኩ፤ አሻራው የሚታተምበት ጊዜ፣ ማለትም መስኮቱ፣ መቼ ይዘጋል? ከታተመ በኋላስ ሊፋቅ ይችላል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ዳግላስ ስፓልዲንግ በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች የሚንቀሳቀስን ማንኛውንም ነገር እንደሚከተሉ፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ አራት ቀን ያህል የቆዩት ግን ሲገለጥላቸው ከእሱ በድንጋጤ እንደሸሹ ገልጿል። ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 በዝይዎች ላይ ያየውን መሠረት አድርጎ ጉዳዩን በሰፊው ያስተዋወቀ ሲሆን፣ አንዴ የታተመው አሻራ አይመለስም የሚል አቋም ነበረው። ኤክሃርድ ሄስ በዳክዬ ጫጩቶች ላይ ባደረገው ሙከራ መከተል የሚበረታው ከተፈለፈሉ ከ13 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን አሳየ። ከሁሉም ይበልጥ ያሳመነኝ የፓትሪክ ቤትሰን ሐሳብ ነው፤ በእሱ አስተያየት መስኮቱን የሚዘጋው ሰዓቱ ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ ነው፤ የሚለምደው ነገር ያላየ ጫጩት መስኮቱ ክፍት ሆኖ ይቆይለታል።

ይህ ለእኛ አካባቢ አርቢዎች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ከቢሾፍቱ የሚመጡት የአንድ ቀን ጫጩቶች በማሽን የተፈለፈሉ ስለሆኑ እናት አያውቁም፤ ይሁንና እዚህ እስኪደርሱ በአንድ ካርቶን ታጭቀው እርስ በርሳቸው ስለሚተያዩ፣ እናት የሚሆናቸው መንጋው ነው። ስለዚህ ለሙከራዬ ጎረቤቴ ባላት ትንሽ መፈልፈያ የተፈለፈሉትን ወስጄ፣ ገሚሶቹን ለየብቻቸው በጨለማ ካርቶን ካቆየሁ በኋላ በማግስቱ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን በገመድ እየጎተትኩ አሳየኋቸው። አብዛኞቹ ተከተሉት፤ ከወንድምና እህቶቻቸው ጋር ቀናት ያሳለፉት ግን ጀሪካኑን ሲያዩ ተሰባስበው ሸሹ። ጀሪካኑ አንድም ጊዜ መኖ ይዞ አያውቅም። ይህን የምለው፣ አርቢውን ተከትሎ የሚሮጥ ጫጩት ሁሉ አሻራ ስላለበት ሳይሆን መኖ የሚመጣው በማን እጅ እንደሆነ ስለተማረ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱ እንዳይምታቱብን ነው። በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት የማሽን ጫጩት ከታቀፈች ዶሮ ሥር የሚያስገቡት በመጀመሪያው ሌሊት፣ በጨለማ ነው፤ ሳምንት ያለፈውን ጫጩት «እሱ አይሆንም» ብለው ይመልሱታል። ቤትሰን የጻፈውን እሳቸው ሳያነቡ ሲሠሩበት ኖረዋል።

በዘረመል ውስጥ ያለው ኢምፕሪንቲንግ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በ1984 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ የክሮሞሶም ብዛታቸው የተሟላ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ድርሻ ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የመጣላቸው የአይጥ ፅንሶች እንደማይዘልቁ አሳዩ። ምክንያቱ አንዳንድ ጂኖች ከየትኛው ወላጅ እንደመጡ የሚያመለክት ኬሚካላዊ ምልክት ስላለባቸው ነው፤ ለምሳሌ ለፅንስ እድገት የሚያስፈልገው አይጂኤፍ2 የተባለው ጂን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የሚሠራው ከአባት የመጣው ብቻ ነው። በሰው 15ኛ ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ክፍል ከአባት በኩል ሲጎድል ፕራደር ዊሊ፣ ከእናት በኩል ሲጎድል አንጀልማን የተባሉ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይከሰታሉ። የሚታተምበት ጊዜ እንቁላልና የወንድ ዘር በሚሠሩበት ወቅት ነው። ደግሞም ይፋቃል፦ አንድ ወንድ ከእናቱ የወረሰው የእናት ምልክት በራሱ የዘር ሕዋሳት ውስጥ ተፍቆ፣ ለልጁ ሲያስተላልፈው የአባት ምልክት ይዞ ይሄዳል። አያት የተወችው አሻራ በልጅ በኩል ሲያልፍ ጾታ ቀየረ እንደማለት ነው። ይህ ዓይነቱ በአእዋፍ አልተገኘም፤ በአጥቢ እንስሳትና በአበባ እጽዋት ግን አለ። ጄሪ ከርሚክል በ1970 ባወጣው ሥራ፣ በበቆሎ ላይ አንድ የቀለም ጂን ከእናት ሲመጣ ፍሬው ሙሉ በሙሉ እንደሚቀላ፣ ከአባት ሲመጣ ግን ዝንጉርጉር እንደሚሆን አሳይቷል። እንግዲህ በግቢዬ ዶሮዋ አንዱን፣ በቆሎው ሌላውን ይዘዋል፤ ሁለቱንም የያዘ ፍጥረት ግን እዚያ የለም።

በበሽታ መከላከል በኩል ቶማስ ፍራንሲስ በ1960 እንዳስረዳው፣ ሰውነታችን በልጅነት መጀመሪያ ለገጠመው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት የሰጠው ምላሽ በኋላ የሚመጡትን የሚቀበልበትን መንገድ ይወስናል። በ2016 የወጣ ጥናትም ከ1968 በፊት የተወለዱት ከኤች5ኤን1፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ደግሞ ከኤች7ኤን9 የወፍ ጉንፋን የተሻለ ጥበቃ እንዳላቸው አመልክቷል። እዚህ አሻራው አይፋቅም፤ በላዩ ሌላ ይደረብበታል።

አርተር ስቲንችኮም በ1965 ድርጅቶች የተመሠረቱበትን ዘመን መልክ ይዘው ይቆያሉ ያለው ለእኔ ከሁሉም የላላው ነው፤ መስኮቱ መቼ እንደሚዘጋ ማን ይለካዋል? በኬሚስትሪ ግን ነገሩ ጥርት ያለ ነው። ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ቁስ) ገና ሳይጠነክር አንድ ሞለኪውል ይጨመርበታል፤ ሲጠነክር ሞለኪውሉ ታጥቦ ይወጣና ቅርጹን የሚያስታውስ ክፍተት ይቀራል። መስኮቱ ፖሊመሩ የሚጠነክርባት ጊዜ ናት። ሎሬንዝ የመለያው ዋና ምልክት ያደረገው አለመመለስ እንግዲህ በሁሉም መስክ አይሠራም፤ ጠባቡ የመታተሚያ ጊዜ ግን ከድርጅቶች ጥናት በቀር በሁሉም ዘንድ አለ።

ቀጥሎ የጨለማውን ጊዜ አስረዝሜ የቤትሰንን ሐሳብ በሌላ ዙር ጫጩቶች ላይ ለማየት አስቤያለሁ። ባለ ቀለም ፍሬ የበቆሎ ዘር ያላችሁ ብታካፍሉኝ፣ በክረምት ዘርቼ እናትና አባት እያቀያየርኩ አዳቅላለሁ፤ ቀለሙ ከርሚክል ካጠናው ጂን መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ስለሚያስፈልግ፣ ዘሩን ከየት እንዳገኛችሁት አብራችሁ ጻፉልኝ።