ጅራቱ እያመለጠ ያስቸገረኝ ሦስት ሳምንት

ችግሩ መጀመሪያ የታየኝ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከምናበርበት ሜዳ ላይ በሪሞት የምትበር ትንሽ ሄሊኮፕተሬን ከሳሩ አነሳሁና ዓይኔ ትክክል ላይ ባለበት አቆምኩት። በገመድ የተንጠለጠለ ይመስል ጸጥ ብሎ ቆመ። ጅራቱ ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎኝ ወደ ላይ በኃይል ስሰደው ግን አፍንጫው በድንገት ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ ተወረወረና ወዲያው ተመለሰ። ነፋስ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ባትሪ ደገመው። በሦስተኛውም።

ሄሊኮፕተሬ 450 የሚባለው መጠን ነው፤ የዋናው ሮተር ክንፎች እያንዳንዳቸው 325 ሚሊ ሜትር ናቸው። በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራል፤ ጅራቱ ደግሞ በቱቦው ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ባለ ጥርስ ቺንጋ ይዞራል። ከዋናው ዘንግ ጋር የሚዞረው የጅራት ጊር 106 ጥርስ አለው፤ እሱ የሚያዞረው ትንሹ ጊር 25። ስለዚህ ዋናው ሮተር አንድ ዙር ሲዞር የጅራቱ ከአራት ዙር በላይ ይዞራል። ዋናው በደቂቃ 2,600 ዙር ላይ ከሆነ ጅራቱ 11 ሺህ ገደማ ነው ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት በሚዞር ነገር ላይ አንዲት ያልጠበቀች ብሎን ምን እንደምታደርግ ያኔ አላሰብኩበትም።

ዋናው ሮተር ከላይ ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል። ሰውነቱ በአጸፋው ወደ ተቃራኒው፣ ማለትም አፍንጫውን ወደ ግራ፣ መዞር ይፈልጋል። ይህን የሚከለክለው የጅራቱ ሮተር ብቻ ነው። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ አጸፋውም ይበረታል። እንግዲህ በጭነት ጊዜ ብቻ ወደ ግራ የሚያመልጥ ጅራት “ጉልበት አጣሁ” እያለ ነው። ምልክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጽ ነበር። እኔ ግን ሌላ ቦታ ስፈልግ ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

ጥርጣሬዬ የወደቀው ጃይሮው ላይ ነው። ጃይሮ ማለት ጅራቱ ሳይታዘዝ ሲዞር ወዲያው ተሰምቶት የጅራት ክንፎቹን ማዕዘን ሰርቮ በሚባል ትንሽ ሞተር በኩል የሚያስተካክል ትንሽ ሳጥን ነው። ምን ያህል በኃይል እንደሚያርም የሚወሰነው ጌይን በሚባለው ልክ ነው። ጅራት ሲበላሽ ሁላችንም መጀመሪያ የምንነካው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ከሪሞቱ ላይ በጣት ይቀየራል፤ ብሎን መፍታት አያስፈልግም። ጌይኑን ከፍ አደረግኩት፤ ማምለጡ ባሰበት። ዝቅ አደረግኩት፤ ማምለጡ ትንሽ ለዘብ አለ፤ ጅራቱ ግን ላላ። ከዚያ ሰርቮው ደክሞ ይሆናል ብዬ ከአንድ የሜዳ ጓደኛ ያገለገለ ሰርቮ ገዝቼ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ጌይኑን ስጨምር ለምን ባሰበት? ይህን ጥያቄ ያኔውኑ ይዤ ብቀመጥ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር። መልሱ አሁን ገብቶኛል። ከሞተሩ እስከ ጅራቱ ክንፍ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ የሚንሸራተት ነገር ካለ የጅራቱ ሮተር ፍጥነት ይቀንሳል፤ አፍንጫው መዞር ይጀምራል። ጃይሮው ይህን ሲያይ ክንፎቹ ብዙ አየር እንዲገፉ ማዕዘናቸውን ይጨምራል። ማዕዘኑ ሲጨምር ሸክሙ ይጨምራል፤ ሸክሙ ሲጨምር የሚንሸራተተው የበለጠ ይንሸራተታል። ጃይሮው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ ግን በሠራ ቁጥር በሽታውን ያባብሰዋል። ቀለል ባለ በረራ ላይ ደግሞ ያው ጃይሮ በሽታውን ይሸፍነዋል። ባለበት ሲቆም ጸጥ ያለው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቺንጋው ሄድኩ። የፊት ሽፋኑን አንስቼ የጅራቱ ቱቦ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን በእጅ ባትሪ ሳየው ፑሊው፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበት ባለ ጥርስ መንኮራኩር፣ ዙሪያ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ዱቄት ተቀምጧል። በጣቴ ነካሁት፤ ጎማ ነው። ቺንጋው በጥርሱ ላይ እየዘለለ ራሱን ይበላ ነበር። ቺንጋውን በትንሽ ካቻቪቴ ጫፍ ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ማዶ ያለውን መስመር ነካ፤ እንዲህ ከሆነ ልል ነው። የቱቦውን ማቀፊያ ብሎኖች ፈትቼ ቱቦውን ወደ ኋላ ሳብኩና አጠበቅኩት። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ባትሪ ሙሉ ጅራቱ ቆመ። “አገኘሁት!” ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩ።

በሦስተኛው ባትሪ ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በዝርዝር ልናገረው። ቺንጋው መላላቱ እውነት ስለነበረና ማጥበቁም ስለረዳ፣ “ገና አልጠበቀም ማለት ነው” ብዬ ደጋግሜ አጠበቅኩት። በመጨረሻ እንደ ክራር አውታር ተወጠረ። ሞተሩን ሳጠፋ ቀድሞ ረጅም ጊዜ ይዞር የነበረው ሮተር ቶሎ መቆም ጀመረ፤ ከበረራ በኋላም የጅራቱን ሳጥን ስነካው ይሞቃል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታዎቹን ወደ ጎን እየጎተተ ይበላቸዋል፤ ከሞተሩም ጉልበት ይሰርቃል። ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ ሊኖሩ እንደሚችሉ ስላላሰብኩ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ስሰጥ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ዕለት አሥር ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያለ ወደ ላይ ስሰደው አፍንጫው ወደ ግራ ሄደ፤ አልተመለሰም። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ያተረፈው አንድ ነገር ነው፤ ትሮትል ሆልድ የሚባለውን ሞተሩን ብቻ የሚያጠፋ ቁልፍ ወዲያው መታሁት። የሞተሩ ጉልበት ሲቋረጥ ሰውነቱን የሚያዞረው አጸፋም አብሮ ይቋረጣል። መሽከርከሩ ቀነሰ፤ ዋናው ሮተር በራሱ ፍጥነት እየዞረ ሲወርድ መሬት ሊደርስ ሲል የክንፎቹን ማዕዘን ከፍ አድርጌ ረጅም ሳር ውስጥ አሳረፍኩት። የተሰበረው ከጅራቱ ሥር ያለው የማይዞረው ክንፍ ብቻ ነው። ጅራት ሲጠፋ በመሪው መታገል አያዋጣም፤ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ይህን እጄ የሚያውቀው በኮምፒውተር መለማመጃ ላይ ብዙ ጊዜ ስለደጋገምኩት ነው። ሲደርስ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሜዳው ላይ አብረውን የሚያሳልፉ አንድ ያገራችን ሰው አሉ፤ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጥተው አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጡና ሄሊኮፕተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

“ምን ምን ቀየርህ?”

“ጌይኑን፣ ሰርቮውን፣ ቺንጋውንም አጠበቅኩ፣ ጋሼ።”

“እሱስ ይሁን። ከሞተሩ ተነስተህ እስከ ጅራቱ ክንፍ ድረስ ምን ከምን ጋር ተያይዟል? ቁጠርልኝ።”

ቆጠርኩ። የሞተሩ ትንሽ ጊር፣ ዋናው ጊር፣ ሞተሩ ሲቆም ሮተሩን በራሱ እንዲዞር የሚለቀው ባለ አንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ፣ የጅራት ጊር፣ የፊት ፑሊ፣ ቺንጋ፣ የኋላ ፑሊ፣ የጅራት ዘንግ፣ ክንፎቹን የሚይዘው እምብርት።

“ከእነዚህ ውስጥ እስከ ኩሽኔታው ያሉት ቢንሸራተቱ ዋናው ሮተርም ይደክም ነበር” አሉኝ። “ዋናው ደክሞ ያውቃል?” አያውቅም። በአንድ ጥያቄ የሰንሰለቱ ግማሽ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ቀጥለውም “የጥፍር ቀለም ፈልግ” አሉኝ።

በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ሜካኒኮች አንድን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ ከዳዶው ወደ ማቀፊያው የሚሻገር ባለ ቀለም መስመር ይስሉበታል። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል፤ መርማሪው ቁልፍ ሳያነሳ በዓይኑ ብቻ ያውቃል። የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዤ መጣሁና ሦስት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር አሰመርን፦ ከጅራት ጊር ወደ ዘንጉ፣ ከኋላ ፑሊ ወደ ጅራት ዘንግ፣ ከጅራት ዘንግ ወደ እምብርቱ። ሲደርቅ ሁለት ሜትር ላይ ብቻ አነሳሁት፤ ሁለት ጊዜ በኃይል ወደ ላይ ገፋሁት፤ ሁለቴም አመለጠ፤ አወረድኩት።

ሁለቱ መስመሮች እንደነበሩ ናቸው። በዘንጉና በእምብርቱ መካከል ያለው ግን ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ የክብሪት ራስ በሚያህል ርቀት እዚያ ቆሟል።

እምብርቱን ዘንጉ ላይ የምትይዘው ጭንቅላት የሌላት፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን ናት። ስፈታት ያለ ምንም ግፊት ወጣች። ዘይት ጠጥታለች። ከሁለት ወር በፊት የጅራቱን ኩሽኔታዎች ዘይት ቀብቼ ስመልስ ብሎኗንም ሆነ ቀዳዳዋን አልጠረግኩም ነበር፤ ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ ዘይት ላይ አልያዘም። ሌላም ነበር። ዘንጉ ላይ ብሎኗ እንድትቀመጥበት ተሞርዶ የተስተካከለ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ዘንጉን አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳዞረው ጠፍጣፋው ቦታ ንጹሕ ነው፤ ከሱ ጎን ባለው ክብ ገጽ ላይ ግን እንደ ቀለበት የሚያብለጨልጭ ጭረት ዙሪያውን ሄዷል። ብሎኗ ቦታዋን ስታ፣ ክቡ ላይ ቆማ፣ ሸክም በመጣ ቁጥር ዘንጉን እያረሰች ትዞር ነበር።

በእጅ አልመረመርክም ወይ የሚል ይኖራል። መርምሬያለሁ። ዋናዎቹን ክንፎች ይዤ የጅራቱን ሮተር አዙሬ አይቻለሁ፤ ግን የፕላስቲኩ ክፍል እንዳይሰበር ፈርቼ በሁለት ጣት ለስለስ አድርጌ ነበር። ያንን ያህል ብሎኗ ትችለዋለች። አሁን የምይዘው የጅራት ክንፎቹን ሳይሆን እምብርቱን ራሱን ነው፤ ዋናውን ሮተር በሌላ እጄ አጥብቄ ይዤ፣ አየር ላይ የሚደርስበትን ጭነት ያህል ጠበቅ አድርጌ እጠመዝዛለሁ። ቺንጋው ትንሽ ተለጥጦ እንደ ስፕሪንግ ከመለሰው ጤነኛ ነው። ሳይመለስ እዚያው ከቀረ የሆነ ነገር ተንሸራቷል። ቀርርር የሚል ድምፅ ከተሰማ ጥርስ ዘሏል።

የእጅ ሥራው አንድ ምሽት አልፈጀም። ዘንጉ ስለተጫረ ቀየርኩት። ቀዳዳውንና አዲሷን ብሎን በአልኮል አጥቤ አደረቅኩ፤ ብሎኗ በጠፍጣፋው ቦታ ላይ መቀመጧን በዓይኔ አረጋገጥኩ፤ አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ አድርጌ እስኪጠነክር 24 ሰዓት ተውኩት። ማጣበቂያው ወደ ኩሽኔታው እንዳይፈስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከገባ ኩሽኔታውን ያጣብቀዋል። ቺንጋውም ጥርሶቹ ተበልተው ስለነበር አዲስ ገባ። ሲገባ 90 ዲግሪ የሚጠማዘዝበትን አቅጣጫ ማየት ግድ ነው፤ በተሳሳተው ከተጠማዘዘ የጅራቱ ሮተር ወደ ኋላ ይዞራል። ውጥረቱን ገፋ ሲደረግ በመጠኑ የሚሰጥ፣ ማዶውን የማይነካ አድርጌ ተውኩት።

ጃይሮውን የነካሁት በመጨረሻ ነው። ቅንብሩን በሦስቱ ሳምንት ውስጥ አበላሽቼው ስለነበር እንደ አዲስ ጀመርኩ፦ መጀመሪያ አቅጣጫ የሚቆልፈውን ሞድ አጥፍቼ በተራው ሞድ አበረርኩ፤ ጅራቱ ያለ ትሪም፣ ማለትም ከሪሞቱ ላይ ያለ ማካካሻ፣ እስኪቆም ድረስ የሰርቮውን ዘንግ ርዝመት አስተካከልኩ፤ ከዚያ መቆለፊያውን መለስኩ። መካኒኩ ጤነኛ ሲሆን ጌይን ማስተካከል ቀላል ሥራ ነው። ጅራቱ በፍጥነት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ትጨምርና ጥቂት ትመልሳለህ። ዝግ ብሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ጅራት ካጋጠመህ ግን ሪሞቱን አስቀምጥና የላላ ወይም የሚከብድ ነገር ፈልግ፤ ከሰርቮው እስከ ክንፉ ያለው ዘንግ በጣት ያለ ምንም መጎተት መንሸራተት አለበት።

ጅራታቸው በቺንጋ ሳይሆን በረጅም ዘንግ የሚዞር ሄሊኮፕተሮች ያሏችሁም ነገሩ ያው ነው፤ እናንተ ዘንድ የሚበሉት ከፊትና ከኋላ ያሉት ሾጣጣ ጊሮች ናቸው። ጅራቱ መሬት ከነካ በኋላ አንድ ጥርስ እንኳ ጎድሎ እንደሆነ ሳትቆጥሩ አታንሱት።

ከዚያ ወዲህ በጠቅላላው ሰንሰለት ላይ ቀያይ መስመሮች አሉ። ትናንት ጠዋት ሜዳው ላይ ጤዛ ነበር። ሄሊኮፕተሩን ከሳጥኑ አውጥቼ እምብርቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩና መስመሩን በጥፍሬ ዳሰስኩት። አልተሰበረም። ባትሪውን ሰካሁ።