ጥርሷ ያለቀ አህያ

ደሴ ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ጉምና ካፊያ ነው። የአህያ ፀጉር ደግሞ እንደ ፈረስ ዝናብ አይመክትም። ጉልበቷ አልቆ መንገድ ላይ የተተወች አህያን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ለመጦር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ጣራና ደረቅ መኝታ ያዘጋጅላት።

ቀጥሎ አፏን ይመልከት። ጥርሷ ያለቀ አህያ ጭዱን አኝካ አኝካ፣ ጠቅልላ መልሳ ትጥለዋለች፤ ሳይላም የዋጠችው ደግሞ አንጀቷን ይደፍናል። ስለዚህ በደንብ የራሰ ለስላሳ መኖ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጣት። ፉርሽካ ብቻውን አይሆንም፤ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ አጥንት ያዳክማል። አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ተፈጭቶ ይቀላቀልበት። ከስታለች ብሎ አዝኖ ገብስ መዘርገፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ የሆድ ቁርጠትና የኮቴ ብግነት ያመጣል። አዲስ መኖ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ትልመድ።

ውሃዋ በብርድ ለብ ይበል፣ ኮቴዋ በየ6 እስከ 10 ሳምንቱ ይከርከም። እንዳትውጠው ፌስታል ከግቢው ይለቀም፣ ይህን አደራ!

አንድ ቀን እንኳ መብላት ካቆመች «ነገ እናያለን» አይባልም። አህያ ስትራብ ስቧ ወደ ደሟ ገብቶ ጉበቷን ይጎዳል። ተደግፋም መነሳት ካቃታት ስቃይዋን የሚያሳጥር መርፌ ከእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። አብራት የኖረች አህያ ካለች ደግሞ በድኗን ቀርባ ታሽትት፤ ካላየች ስትፈልጋት ሰንብታ እሷም መብላት ልታቆም ትችላለች።