ቦሎቄው እስኪበስል

ዛሬ የተለየ ነገር አልተፈጠረም። እንዲሁ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። የአዳማ ንፋስ ሲነሳ እንዲህ ያደርገኛል። አቧራው በበር ስር ይገባል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ጋራው ላይ የተተከሉት የንፋስ ማመንጫዎች ሲሽከረከሩ ከበረንዳዬ ይታዩኛል። ሰውም ቤቱ ይከተታል። እንዲህ ባለ ቀን ቦሎቄ መጣድ ደስ ይለኛል። ቦሎቄ አያጣድፍም። እሱ እስኪበስል ፊልም ይታያል፣ የጓደኞቼ የድምፅ መልእክት ይደመጣል።

መቼም እኛን ታውቁናላችሁ። "ደህና ነሽ?" ከተባባልን በኋላ የምንጠያየቀው ምን እንዳየንና ምን እንደሠራን ነው። ስለ ፊልሙ ይወራል፣ ስለ ወጡ ይወራል። ሰሞኑን ወጡ የሜክሲኮ ቦሎቄ ሆኗል። ያመጣችው ቤዛ ናት። ጾም ነው፤ ሽሮና ምስር ሰልችቶናል። ቦሎቄ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ይበቅላል። በአሰላ መንገድ፣ መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መሃል ቀዩ ናስርና ነጩ አዋሽ ይገኙበታል። ነጩ በብዛት ወደ ውጭ ይላካል። ቀዩ እኛው ጋም ይበላል፤ ለዚህ ሙያ ደግሞ ቀዩ ይበቃል።

ስለ ፊልም ስናወራ ሁላችንም የየራሳችን መለኪያ አለን። አቡሽ ፊልም ከወደደ "ስልኬን አላየሁም" ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም፣ አያስፈልግምም። ሰሊ መጀመሪያ የምትነግረኝ ከእናት ጋር ተቀምጦ ማየት ይቻል እንደሆነ ነው። ቤዛ ታሪኩን ትታ ሰዎቹ የበሉትን ትነግረኛለች። ኮከብ እየደረደሩ ፊልም የሚገመግሙትን ሰዎች እውቀታቸውን አከብራለሁ። ግን እነሱ እኔን አያውቁኝም። አቡሽ ያውቀኛል። አባቴ ካረፈ ወዲህ የሆስፒታል ነገር ያለበት ፊልም እንደማይሆንልኝ ያውቃል። ምክንያቱን አይናገርም፤ "ይሄን ዝለይው" ብቻ ይለኛል። እኔም ለምን ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ያለ ሰው ያለው ሰው ሌላ ገምጋሚ ምን ያደርግለታል?

ቦሎቄው እንዴት ነው የሚሠራው ላላችሁኝ፣ ቀላል ነው። ለቅማችሁ ማታ ትዘፈዝፉታላችሁ። ጠዋት ያንን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ትጥዱታላችሁ፤ ግማሽ ሽንኩርትና ጥቂት የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ሳይከተፍ ይገባበታል። መጀመሪያ በደንብ ይንተክተክ። ቀይ ቦሎቄ ጥሬነት ከቀረው ሆድ ያማል። ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ ተዉት። ቲማቲም አሁን እንዳትጨምሩ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው ቶሎ አይበስልም።

እዚያ አገር ድስቱ ውስጥ ኤፓዞቴ የሚባል ጠረኑ ኃይለኛ ቅጠል ይጨምራሉ። ቤዛ በእሱ ፋንታ ጤና አዳም አድርጊ ትለኛለች። ለእኔ ኮሰረት ይበልጣል። በዚህ አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝም።

ዋናው ቀጥሎ ያለው ነው። በሰፊ መጥበሻ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላና ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ትንሽ ከሙን ጣል ይደረግበታል። ከዚያ ቦሎቄው በጭልፋ ከነመረቁ እየተጨመረ በብርጭቆ ቂጥ ይደፈጠጣል። ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ነጩ ልቡ ይወጣል፣ መረቁን እየጠጣ ይወፍራል። ማማሰያውን በመሃሉ ስትስቡት የመጥበሻው ወለል ለአፍታ ታይቶ መልሶ ከተሸፈነ ደርሷል። በባህላቸው በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው፤ በዘይት ሲሆን ግን ጥርት ያለ የጾም ምግብ ነው። ዳቦ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ትቀቡታላችሁ። ከላይ በደቃቁ የተከተፈ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በሎሚ። የፍስክ ሲሆን ቺዝ ጨምረው ዳቦውን ይጠብሱታል፤ ሞዬቴስ ይሉታል።

ዛሬ ቦሎቄው ሲንተከተክ የሰሊን መልእክት ከፈትኩ። "ሮማ" የሚባለውን ፊልም አይታ ነው። የሜክሲኮው ዳይሬክተር አልፎንሶ ኩዋሮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፊልም ነው፤ 3 ኦስካር ወስዷል። ሰሊ ስለ ሽልማቱ ትንፍሽ አላለችም። "ወለል ሲታጠብ ነው የሚጀምረው። ውሃው ሄዶ ይመለሳል። እኛ ቤት የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ" አለች። መልእክቱ እዚያ ላይ አለቀ።

እኔም አይቼዋለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አይቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ ኑሮው ደህና በሆነ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ክሌዮ የምትባል ልጅ ታሪክ ነው። ኩዋሮን ያደገበትን ቤት እያስታወሰ ነው የሠራው፤ መታሰቢያነቱንም እሱን ላሳደገችው ሴት ሰጥቷል። ክሌዮን ሆና የተጫወተችው ያሊትዛ አፓሪሲዮ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ አታውቅም። ለአስተማሪነት ነበር የተማረችው። እኔን የያዘኝ ቦታ ግን ትንሽ ነው። ክሌዮና አብራት የምትሠራው ልጅ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ በራሳቸው ቋንቋ፣ በሚክስቴክ ያወራሉ። ከቤቱ ሰዎች ጋር ግን በስፓኒሽ ነው።

እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ትዕግስት ከጎረቤት ሠራተኛ ጋር በአጥሩ ቀዳዳ በወላይትኛ ታወራ ነበር። እዚያ ስትስቅ የምሰማውን ሳቅ እቤት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ቦሎቄን የወደድኩት በእሷ ነው። እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ ትቀቅላለች። ጨው ነስነስ አድርጋ፣ በመዳፏ ይዛ፣ እፍ እፍ እያለች አብርዳ ትሰጠኛለች። ከመዳፏ ነበር የምበላው። እናቴ ንፍሮ ብዙም ስለማትወድ ይህ የእኔና የትዕግስት ነበር። የሜክሲኮ ገበሬም በቆሎና ቦሎቄን አንድ ማሳ ላይ ነው የሚዘራቸው፤ ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፣ ዱባው ከታች መሬቱን ይሸፍናል። በቆሎ መጀመሪያ የለማው እዚያ ነው። ቦሎቄም ከለማባቸው አገሮች አንዱ ያው ሜክሲኮ ነው። ሁለቱም ውቅያኖስ የተሻገሩት እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው፤ የበርበሬያችንም ዘር እንዲሁ። ያን ያህል መንገድ አቋርጠው ወላይታ ደረሱ፣ ትዕግስት እናቷ ጋ ተማረችው፣ ይዛው አዳማ መጣች፣ እኔ ጋ ደረሰ። ቤዛ "አዲስ ነገር አመጣሁላችሁ" ስትለን እኔ ልጅ ሆኜ የበላሁትን ነው ያመጣችልኝ።

እሳቱን አጥፍቼ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"ትዕግስት የት ገባች?" አልኳት።

"ምነው ዛሬ? አግብታ አገሯ ገባች መሰለኝ።"

"የአባቷ ስም ማን ነበር?"

ትንሽ ዝም አለች። "ኧረ ትዕግስትንም እኮ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስትመጣ የነበራት ስም አፋችን ላይ አልያዝ አለን።"

"ማን ነበር እሱስ?"

"እንጃ ልጄ። ስንት ዘመን ሆነው!"

እማዬ ክፉ አይደለችም። ትዕግስት ወባ ይዟት የተኛች ጊዜ ሌሊቱን ስታገላብጣት ያደረችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ብዙ ቤት እንዲህ ይደረግ ነበር። ልጅቷ ከደላላ ጋር ትመጣለች፣ ስም ይወጣላታል፣ በዚያው ስም ትጠራለች። ማንም ቆም ብሎ አያስበውም። እኔ ግን ዛሬ አልለቀኝ አለ። የመዳፏን ሙቀት አውቃለሁ፣ ሳቋን አውቃለሁ። እናቷ ስትጠራት ምን እንደምትላት አላውቅም። በሕይወት ካለች ዛሬ ልጆቿ የሚያውቋት በዚያኛው ስም ይሆናል። ባገኛት እንኳ "ትዕግስት" ብዬ ስጠራት ትዞር ይሆን?

የጎረቤታችን ሠራተኛ የነበረችው ግን እዚሁ አዳማ ናት። መናኸሪያው አካባቢ ቡና ታፈላለች። እሷ ታውቃለች። በአጥሩ ቀዳዳ ስትጠራት እሰማ ነበር፤ ድምፁ ይመጣልኛል፣ ቃሉ አይመጣልኝም። ነገ ሄጄ ልጠይቃት ቆርጬ ተነሳሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነው ሌላው የመጣብኝ። ስንት ጊዜ በዚያ ሳልፍ "እንዴት ነሽ ሰላም" እላታለሁ። "እግዜር ይመስገን" ትለኛለች።

ሰላም የሚለውንስ ስም ማን ነው ያወጣላት?