ልጄን ከደቻቱ ጎርፍ ላወጣልኝ ለቁልቢው ገብርኤል

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስለቴ ስለደረሰ ልመስክር። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ አፉን አልፈታም፣ ስሙን ብትጠሩት ዞር አይልም። ውኃ ይወዳል፣ ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው፣ ሹልክ ካሉ ቀጥታ ወደ ውኃ ነው።

ክረምት ላይ ጠፋብኝ። ድሬዳዋ ፀሐይ ነው ግን ደጋው ጠቁሯል፣ እዛ ሲዘንብ ጎርፉ በደረቁ ደቻቱ ወንዝ ወደኛ ይወርዳል፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ያውቃል፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የበላው። እየሮጥኩ "ቂርቆስን ከነእናቱ ከፈላ ውኃ ያወጣህ ገብርኤል የኔንም አውጣልኝ፣ ጥላ ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ" እላለሁ። ደቻቱ ስደርስ መሃል አሸዋው ላይ ቁጭ ብሏል። ሰው ዳር ቆሞ "ውጣ! ውጣ!" ይላል፣ የፖሊስ መኪና ሳይረኑን እያስጮኸ ሲመጣ ልጄ ጆሮውን ይዞ ጎርፉ ወደሚመጣበት መሮጥ ጀመረ፣ አንዱ ፖሊስ ደርሶ ክንዱን ሲይዘው ነከሰው፣ "ምን ዓይነት ባለጌ ነው" ይላል ደሞ!

ከዛ አንድ ልጅ እግር ፖሊስ ከመኪናው ወርዶ "ሳይረኑን አጥፉት፣ ልቀቀው፣ ማንም አይጩህ" አለ። ወደኔ ዞሮ "ምን ይወዳል?" ውኃ ያለበት ሃይላንድ መነቅነቅ ነው የሚወደው አልኩት። ሃይላንድ ይዞ ገባና ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ፣ ዓይኑን እንኳን አላየውም፣ "ና። ውኃ።" ብሎ ዝም። አይደግምም፣ ይጠብቃል። አቦ እኔ እዛች ዝምታ ውስጥ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፣ ግን እነዚህ ልጆች የሰሙት ቃል እስኪገባቸው ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ሲጮህባቸው ይብስባቸዋል። ልጄ በራሱ እግር መጥቶ ሃይላንዱን ተቀበለው። ወጥተን ብዙም ሳንቆይ ጎርፉ ደቻቱን ሞላው።

ፖሊሱ ወንድሙ ኦቲዝም አለበት ለካ። ጎረቤቶቼ ራሱ ገብርኤል ነው ይላሉ፣ ኧረ እዚሁ ድሬ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው! ግን ያን ቀን ተረኛ ያደረገው ማነው?

ታኅሣሥ 19 ጥላውን አስገባሁ። ከዛ የልጄን ፎቶ ይዤ ሰፈራችን ያለው ፖሊስ ጣቢያም እሳት አደጋም ሄድኩ፣ አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፣ በአጭሩ፣ ካወጣችሁት በኋላ ደሞ ዓይናችሁን አትንቀሉ፣ ደንግጦ የሚነድ ቤት ውስጥም ሊመለስ ይችላል አልኳቸው። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እንደኔ ልጅ ያላችሁ የድሬም የሐረርም እናቶች ዝናቡ ሳይገባ ሂዱ።